ጫካ ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?

ከጎሬ የወጣሁ ለት ይዘንብ ነበር። ጎሬን የምታውቁ ሰዎች ይህ ወሬ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ወሬ የሚሆነው ሳይዘንብ የዋለ ቀን ነው። ባለቤቴ ግርማ የጉዞውን ጉዳይ ሊጨርስ ቀድሞኝ አዲስ አበባ ገብቷል፤ እኔ የቀረሁት ቤተሰቤን ልሰናበት ነው። አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ስለሚነሣ ከቤት ስንወጣ ገና ጨለማ ነው። እማዬ እግሯን ስለሚያማት ጭቃውን አልደፈረችውም፤ በር ላይ ቆማ ቀረች። አባባ ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ከፊት ከፊቴም መሄድ ጀመረ። ሰው ሲሸኝ ጎን ለጎን ሆኖ እያወራ ነው እንጂ እንደ መንገድ መሪ ቀድሞ አይሄድም። "አባባ፣ አብረን እንሂድ እንጂ" ብለው፣ "መንገዱ ያዳልጣል፤ እኔ የረገጥኩትን እየረገጥሽ ነይ" አለኝ።

አቋራጩ የሚያልፈው በጫካው ጥግ ነው። ጉሬዛዎቹ ገና አልነቁም፤ የሚሰማው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃና የአባባ ቦቲ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነበር። እስከ መናኸሪያው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብሎ አላየኝም። ስንደርስ ሻንጣዬን ለረዳቱ አቀበለና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠራረገ። "ይሄ ዝናብ" አለ። ቀጥሎ "ደርሰሽ ደውይ" አለኝ። አባባ ቃል የሚያበዛ ሰው አልነበረም።

ደርሼ ደወልኩ። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ወደ ማታ ሲሆን፣ ዓመት ከዓመት ደወልኩ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ሳልደውል ስለቀረሁበት አንድ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቅዳሜ አባባ ሞቶ ተቀብሯል። ባሌ ያውቃል፣ ጓደኞቼ ያውቃሉ፣ የሰባት ዓመት ልጄ ሳትቀር ታውቃለች፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በስደት ያላችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ይገባችኋል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ መርዶ ከባሕር ማዶ እንዴት እንደሚደርስ ስሙኝ።

መጀመሪያ ግን አገሩን ልንገራችሁ። የገባነው ሚኒሶታ ነው፤ ብሩክሊን ሴንተር የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራየን። ስለ ብርዱ ሁሉም ያወራላችኋልና እኔ አልደግመውም። እኔን ያናደደኝ ብርዱ ሳይሆን ፀሐይዋ ናት። ቁልጭ ብላ ወጥታ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እጅ ግን እንጨት ሆኖ ይደርቃል። ፀሐይ አይተሽ ወጥተሽ እንዲህ ስትሆኚ በሰው እንደ መታለል ነው። ጎመኑ ሰፊ ነው፣ ጣዕም የለውም። ቅቤው አይሸትም። ሰዉ ትሑት ነው፤ በር ይይዝልሻል፣ ፈገግ ይልልሻል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይገባል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት አታዪውም።

አከራያችን ሮጀር የሚባል ረዥም ሽማግሌ ነበር። ቤት በያዝን በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዳቦ ደፍተው፣ ዕቃ ይዘው እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ ሊሉን መጡ። ሮጀር መኪና ሞልቶ ቢያይ ጊዜ በሩን አንኳኳ። "እነዚህ ሁሉ እዚህ ነው የሚኖሩት?" አለ። ግርማ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አይደለም፣ ለቤቱ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን ነው አለው። ሮጀር ትንሽ አሰበና፣ "ቤቱ እኮ የእኔ ነው" አለ። ግርማ ይህን ሲያስተረጉም ከሽማግሎቹ አንዱ እውነቱን ነው ብለው ተነሡ፤ እጁን ይዘው እንኳን ደስ ያለህ፣ ቤትህ ይባረክ፣ ተከራይ አይጥፋብህ ብለው መረቁት። ሮጀር ቁራሽ ድፎ ዳቦ በእጁ ይዞ ግራ ገብቶት ወጣ። በነጋታው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ የእንግዳ መኪና ከሁለት በላይ አይፈቀድም ይላል።

ግርማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ሊያም ተወለደች። ዓመታት በሥራና በእንቅልፍ መካከል አለፉ። አንድ ቀን ሐኪሜ ስኳር ሊጀምርሽ ነው አለችኝ። ኤክሰርሳይስ ትሠሪያለሽ ወይ ስትለኝ፣ በሥራዬ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ አልኳት። መቆም አይቆጠርም፣ መራመድ ነው አለችኝ። ይህን ለእታገኝ ነገርኳት። እታገኝ የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት መሪ ናት፤ የሰማችውን ችግር ሳታደራጅ አታድርም። ለካ ግማሾቹ እናቶች ስኳር፣ ግማሾቹ ደም ግፊት ኖሮባቸው፣ በሳምንቱ ሁላችንንም ፓርክ ውስጥ አስመዘገበችን። በጸደይ ቅዳሜ ቅዳሜ መሪ ያለው የጫካ ጉዞ አለ፤ ጋይድድ ሃይክ ይሉታል፤ ነጻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከሚባለው በኩል ነበር። እኛ ጉዞ ነው ሲሉን ስንቅ ይዘን መጣን፤ ዶሮው፣ ቆሎው፣ ዳቦው፣ በፔርሙስ ሻዩ። መሪያችን ጁዲ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣዋን በክር አገጯ ሥር የምታስር። ሸክማችንን አይታ፣ "ከሁለት ሰዓት በኋላ እኮ እንመለሳለን" አለች። ከዚያ ሕጉን ነገረችን። ከእኔ ፊት አትሂዱ፤ ከመንገዱ አትውጡ፤ አበባ አትቅጠፉ፤ ድንጋይ አታንሡ፤ ስትመለሱ ደግሞ መዥገር እንዳልያዛችሁ እርስ በርስ ተያዩ። ጫልቱ እዚህ ላይ አላስቻላትም። ጫልቱ ከጊምቢ ናት፣ የሥራ ባልደረባዬ፤ አንድ ነገር ሳትተርብ ካለፈች ያመማት ይመስለኛል። "መዥገር እኛ አገር ከላም ነው የሚለቀመው። ግሪን ካርድ ሰጥተው ላም አደረጉን" አለች።

እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ ጉዞው አልጣመኝም። ዛፉ ገና ቅጠል አላወጣም፤ ሣሩ ከበረዶ ሥር እንደ ወጣ ድርቆሽ ነው። ጁዲ ጥቂት ትራመድና ትንበረከካለች፤ አውራ ጣት የማታህል ነጭ አበባ ዙሪያ ሁላችንን ሰብስባ ስሟን ትነግረናለች። ጫልቱ "በዚህ አካሄድ የእኔ ስኳር መቼ ሊወርድ ነው?" ትላለች። ጫካው ደግሞ ዝም ይላል። ጉሬዛ የለ፣ የሚጮህ ዝንጀሮ የለ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ድምፅ የለ። ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲሰማ የሆነ ነገር ሸሽቶ የሄደ ይመስለዋል።

በዚያው ቅዳሜ ከጉዞው መልስ ስደውል ለአባባ ይህንኑ አወራሁት። ጫካ ገብተን ነበር አልኩት። "ምን ፍለጋ?" አለኝ። እንዲሁ ለመሄድ ነው ብለው፣ "እንዲሁ?" አለኝ። እሱ ጫካ ሲገባ ወይ ለማር ነው፣ ወይ ለእንጨት፣ ወይ ከብት ጠፍቶበት። ብዙ ሆናችሁ፣ መሪ ይዛችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ ባዶ እጃችሁን ወጣችሁ? "ጫካ ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰላምታው ይኸው ሆነ። ስልኩን ያነሣና፣ "እህ፣ ጥሩነሽ፣ የጠፋባችሁን አገኛችሁ?" ይላል። ዛሬም አላገኘንም እለዋለሁ። "ሴትዮዋ መንገዱን አታውቅም ማለት ነው" ይላል። እናም ይስቃል፤ አባባ ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፣ ትንፋሹ ነው የሚሰማው።

እኔም ሳላውቀው ለእሱ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጁዲ ስትንበረከክ ቀድሜ እደርሳለሁ። አገዳው ሲቆረጥ እንደ ሰው የሚደማ አበባ አየሁ፣ ነገርኩት። በረዶ እያለ በራሱ ሙቀት በረዶውን አቅልጦ የሚበቅል፣ ሽታው የማያስቀርብ ቅጠል አየሁ፣ ነገርኩት፤ እሱን አላመነኝም። የእሱም ወሬ ይመጣል። ቢላውን የሚስልበት ድንጋይ ለሁለት ተሰብሮበት፣ ሌላ ቢፈልግ እንደ እሱ ያለ ለስላሳ አጣሁ አለኝ። ብዙ ዓመት አብሮት የኖረ ድንጋይ ስለ ነበር፣ በእሱ አነጋገር የሰው ያህል ነበር ያዘነለት።

የዚያ ጸደይ የመጨረሻ ጉዞ ወደ ሰሜን፣ ሱፒሪየር ወደሚባለው ትልቅ ሐይቅ ነበር። ከሴንት ፖል በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዓመቱ አገር ቤት ለውጥ መጣ ተብሎ በየቤታችን ቴሌቪዥን የሚጮህበት ነበር፤ እኛም ከዚያ ጩኸት አንድ ቀን እንረፍ ብለን ጓጉተን ጠብቀነዋል። አባባ ያረፈው ሐሙስ ነው። ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ፣ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ዓርብ ተቀበረ። ወንድሜ ሰሎሞን ለግርማ ደወለ፣ ግርማ ለእታገኝ ነገረ፤ እታገኝም አደራጀች።

እንደ ወጉ መርዶው እሑድ ማለዳ፣ ሽማግሎች ባሉበት ሊነገረኝ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ ቦታ ቆሞ፣ መኪና እየነዳ አይሰማም። እኔም ለሌሎች እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁና ወጉን አውቀዋለሁ። ችግሩ ቅዳሜ ነበር። ጉዞው ቢሰረዝ እጠረጥራለሁ። ቤት ብውል ፌስቡክ እከፍታለሁ፤ አንዱ የጎሬ ልጅ የአባባን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ አገኘዋለሁ። ሐይቁ ዳር ግን ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ትሂድ፤ እኛም አብረናት እንዋል ተባባሉ። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት።

ግርማ የዚያን ቀን ጠዋት ምሳዬን ቋጠረልኝ። ይህ ሰው እንቁላል መቀቀል የሚችል መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ስልክሽን ተዪው፣ ስክሪኑን ላሠራልሽ አለኝ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ከዓመት በላይ ሆኖታል። "አባባን ሳልደውልለት?" ብለው ፊቱን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረ። "ኢሉባቦር በሙሉ ኔትወርክ የለም አሉ። ከሐሙስ ጀምሮ" አለኝ። ኔትወርክ በየጊዜው ስለሚጠፋ አመንኩትና ስልኬን ተውኩለት። ነገ እደውላለሁ፣ እንዲያውም የሐይቁን ወሬ ጨምሬ እነግረዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ሊያ በር ላይ ወገቤን አቅፋ አልለቅ አለችኝ። "ማሚ፣ አይ ላቭ ዩ" አለች። እኔም እወድሻለሁ ብዬ ጫማዬን ሳስር እንደገና አለችው። ጎበዝ ልጅ፤ አባቷ አትናገሪ ያላትን አልተናገረችም።

አውቶቡስ ውስጥ የፊተኛውን ወንበር ሰጡኝ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ መዝሙር የምታወጣው እታገኝ በመስኮት ታያለች። ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ የምለውን ሁሉ አዎ ትላለች። ሰማዩ ደመነ ስል አዎ፤ አይ ገለጥ ሊል ነው ስል አዎ። "ታመሻል እንዴ? ለምን አትተርቢኝም?" አልኳት። "ስሊፒ ሆኜ ነው፤ ናይት ሺፍት ነበርኩ" አለችኝ። ዘወር ብላ የሻርፗን ጫፍ ታጣጥፋለች፣ ትፈታለች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ስለ ነበር ብዙ አልተከተልኩትም።

ከአውቶቡሱ ወርደን መጀመሪያ በጫካ ውስጥ ሄድን። ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ ነጭ ዛፍ አለ፤ መሬቱ በቅጠል ተሸፍኖ ይለሰልሳል። ዛፉ ሳይታሰብ አለቀና ውሃው ፊታችን ተዘረጋ። ባሕር ነው እንዳልላችሁ ጨው የለውም፤ ሐይቅ ነው እንዳልላችሁ ማዶው አይታይም። ግንቦት አጋምሶ በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ በረዶ ተቀምጧል። ነፋሱ ፊት ይልጣል። እኔ እንደ ልጅ ሆንኩ። "ይህንን ለአባባ ስነግረው አያምነኝም" አልኩ። "በግንቦት በረዶ ብለው ውሸታም ነው የሚለኝ። ጫልቱ፣ ፎቶ አንሺልኝ፤ ለሰሎሞን ልኬ ያሳየዋል።" ጫልቱ ስልኳን አወጣች። መልሳ ኪሷ ከተተችው። ብርድ ነው አለችኝ።

ዳርቻው በሙሉ ድንጋይ ነው። ውሃው ስንት ዘመን እንዳሸው እንጃ፣ አንዱም ስለት የለውም። ጎንበስ ብዬ እየሄድኩ አንድ አገኘሁ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ። የአባባ ድንጋይ ከመሰበሩ በፊት ልክ እንደዚህ ነበር። በቀሚሴ ጠርጌ ለእታገኝ አሳየኋት፤ ይኸው፣ የጠፋብንን አገኘን በይልኝ፣ ለአባባ የቢላ መሳያ ይሆናል አልኳት። እታገኝ ድንጋዩን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ።

ጁዲ መጣች። አስተማሪ ናትና በትሕትና፣ ግን በማይታጠፍ ድምፅ፣ ድንጋዩን መልሺው አለችኝ። ሁሉም አንድ አንድ ቢወስድ ዳርቻው ያልቃል። ለአባቴ ነው፣ አንድ ብቻ ነው አልኳት። ይገባኛል፣ ግን ሕግ ነው አለች። እኔም ግትር ነኝ፤ ውሃው የእግዚአብሔር፣ ድንጋዩ የእግዚአብሔር፣ አንቺ ምን አግብቶሽ ማለት ቃጥቶኝ እንግሊዝኛው አጠረኝ። እታገኝ ያን ጊዜ ጁዲን ክንዷን ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻት። ሲነጋገሩ አይቻለሁ፤ ነፋሱ ድምፃቸውን ወሰደው። ጁዲ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እታገኝ የነገረቻት አባቷ ሞተዋል፣ ድንጋዩን ተዪላት ብላ ነው። አልሰማችም፣ እንዳትነግሪያት አላለቻትም። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው አፉን መያዝ እንዳለበት ይነገረዋል ብላ አላሰበችም፤ እኛ ዘንድ ለልጅ እንኳ አይነገርም፣ በእናቱ ዓይን ያውቀዋል። ጁዲ ደግሞ አባቷ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሁሉም አውቆ፣ ልጅ ሳታውቅ ጫካ ልትንሸራሸር ትመጣለች ብላ በምን ታስብ? ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ባርኔጣዋን አወለቀች። ሁለት እጆቼን ከነድንጋዩ ያዘችና፣ "አባትሽ በመሞታቸው በጣም አዝኛለሁ። ድንጋዩን ውሰጂው" አለችኝ።

እንግሊዝኛዬ ለዚህ አላጠረኝም። አንዷን ቃል እንኳ አልሳትኩም። ተሳስታለች ብዬ ወደ ጓደኞቼ ዞርኩ፤ ተሳስታለች እንዲሉኝ። ጫልቱ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታለች። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እታገኝ እያለቀሰች ወደ እኔ እየመጣች ነበር።

"መቼ?" አልኳት።

"ሐሙስ።"

"ተቀበረ?"

"ትናንት። ነገ ጠዋት ሽማግሎቹ... በወጉ ልንነግርሽ ነበር፣ ጥሩዬ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አላስታውሰውም። ድንጋዮቹ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ አገሬ ጮኽኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ጩኸት አይወድም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ይሉናል፤ እኔ ያን ጊዜ ተስፋም ወግም አልነበረኝም። ሴቶቹ ዙሪያዬን ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ውሃው እየመጣ ይመለሳል። ሌሎቹ ተጓዦች፣ ነጮቹ፣ ራቅ ብለው ቆሙ፤ አንዱ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ጁዲ ፊቷ ነጥቶ፣ "አታውቅም ነበር? አታውቅም ነበር እንዴ?" እያለች እታገኝን ትጠይቃለች። 

በዚያ ሰዓት የተናደድኩት በጁዲ አልነበረም። እንደ ሰው ለሰው፣ ዓይን ዓይኔን አይታ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት ብዬ አሰብኩ። የተናደድኩት በሚወዱኝ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አባባን በሕይወት እንዳለ አድርጌ ሳወራ ሰምተውኛል። ይህን እነግረዋለሁ፣ ያንን አሳየዋለሁ ስል አዎ ብለውኛል። ሐሙስ ማታ ግርማ አጠገቤ ተኝቷል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ደግሞ፣ ያንን ሁሉ አፍነው ይዘው ከእኔ ጋር መዋላቸው እንዴት እንደ ከበዳቸው ይታየኛል። የትኛው ይሻል እንደ ነበር አላውቅም። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ሐዘን ቢሆንም መንገድ መመለስ አለ። አውቶቡሱ የቆመው ከጫካው ወዲያ ነው፤ በእግር ካልሆነ አይደረስም። አነሡኝ። መንገዱ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ ማንም ደግፎኝ ሊሄድ አልቻለም። ሁልጊዜ ከፊት የምትሄደው ጁዲ መጨረሻ ሆነች። ጫልቱ ከፊቴ ገባች። የዛፉ ሥር መንገዱን አቋርጦ በወጣበት ሁሉ ቆም ትላለች፣ እግሬን እስካነሣ ትጠብቃለች፣ ግን ዘወር አትልም። ትከሻዋ ይርገበገባል። እኔ የረገጠችውን እየረገጥኩ ተከተልኳት። የጎሬን ጭቃ፣ የአባባን ጀርባ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ሻንጣ ነበር የማየው፤ ሸኚው ማን እንደሆነ፣ ተሸኚው ማን እንደሆነ ተምታታብኝ። ድንጋዩ እጄ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ነው።

ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ እታገኝ ደውላ ነበርና፣ ብሩክሊን ሴንተር ስንገባ የአፓርትመንቱ ግቢ በመኪና ተጨናንቋል። ሮጀር በር ላይ ቆሟል። ይህ ሁሉ መኪና፣ የእሱም ወረቀት እንደ ተለጠፈ ነው። እኔን ሴቶች ደግፈው ሲያወርዱኝ አየ። "ማነው የሞተው?" አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። አባቷ ናቸው አሉት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ምድር ቤት ገባ፤ የሚታጠፉ ወንበሮች ተሸክሞ ወጣ። ሁለት ሁለቱን እየያዘ ደረጃውን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። መጨረሻ ላይ እሱም አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሎቹ ዳቦ አቀበሉት።

ግርማን በዚያ ሳምንት አላናገርኩትም ማለት ይቻላል። እንግዳው ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው" አለኝ። ብቻዬን አልሰማሁትም፤ ይህ እንኳ ተሳክቶለታል። ግን ሐሙስ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ዓርብ ሲቀበር ሰሎሞን ስልኩን ከመቃብሩ አጠገብ ይይዝልኝ ነበር። ምን እንደምሰማበት እንጃ፣ ዝናቡን ይሆናል። ይህን ስለው ራሱን ያዘ። ይህን አላሰበውም ነበር።

ጁዲ አንድ ቀን አበባ ይዛ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ይቅርታ አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ድንጋዩን መስኮቱ ላይ አየችው፤ ስለ ሕጉ ምንም አላነሣችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ እጄ ለምዶት ነው መሰለኝ፣ የአባባን ቁጥር ደወልኩ። የሚያነሣ የለም ብዬ ነበር። "ሃሎ" የሚል ድምፅ ሲመጣ አባባ መሰለኝ፤ ሰሎሞን ነው፣ ድምፁ እንዲህ አባባን እንደሚመስል አስተውዬ አላውቅም ነበር። ጥቂት ተላቀስን፣ ለእማዬ ሰጣት። እማዬ በስልክ ብዙ አታወራም። አባባ በሕይወት እያለ ከኋላው ሆና ሰላም በያት ትል ነበር እንጂ ስልኩን አትቀበለውም።

ያን ቀን ግን አልዘጋችም። የማወራው ሳጣ ለእሱ ያጠራቀምኩትን ነገርኳት። ማዶው የማይታየውን ውሃ፣ በግንቦት ያልቀለጠውን በረዶ፣ እንደ ወረቀት የሚላጠውን ዛፍ። ድንጋዩን ነገርኳት፤ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቢላ ይስላል አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል።

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ እሱ ሲጠይቀኝ ግን ከኋላ ሆና ስትሰማ ኖራለች።

"ለመሆኑ ጥሩነሽ" አለችኝ፣ "ጫካ ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ መልስ ልሰጣት ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ። ዛሬም አላገኘንም ማለት ነበር የነበረብኝ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን መታችው። ሊያ ከክፍሏ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ሃሎ?" አለች እማዬ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ሃሎ? ጥሩነሽ? ሄደች እንዴ?"

"አለሁ እማዬ" አልኳት። "አለሁ።"